ጥላ በትኬት አይሸጥ!



አዲስ አበባ መናፈሻ አምሮባታል፤ ይህን የሚክድ ዐይኑን የጨፈነ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወዳጅነት ፓርክ በአጠገቡ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈቱ። ለሕዝብ ዝግ ሆኖ የኖረ የቤተ መንግሥት በር መከፈቱ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለማን ነው? ጥያቄያችን ይህ ነው።

አንድነት ፓርክ ሥራ ሲጀምር ተራው መግቢያ 200 ብር ነበር። እንግዲህ አባት፣ እናትና ሦስት ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች «ቤተ መንግሥቱን እንይ» ቢሉ 1,000 ብር መያዝ ነበረባቸው፤ የታክሲውና የምሳው ሳይቆጠር። በእንጦጦም ቢሆን ፈረሱም ዚፕላይኑም በዋጋ ነው፤ ከዚያው ተራራ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ የኖረች እናት ልጇን በምን ገንዘብ ታጫውተው? ቀድሞ ድኻውን ከበር የሚመልሰው ዘበኛ ነበር፤ ዛሬ የሚመልሰው ትኬት ቆራጭ ነው። ለተመላሹ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«በነፃ ከሆነ ሕዝቡ ያበላሸዋል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከእብናት የመጣን ልጆች መልስ አለን። በደቡብ ጎንደር ደጋ ማሳውና ግጦሹ ተራቁቶ ሳለ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው በአብዛኛው ተርፈው የሚታዩት በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ያን ደን ለትውልድ ያቆየው ትኬት ሻጭ አይደለም፤ «የደብራችን ነው» የሚል ባላገር ነው። ባለጠጋውም የኔ ቢጤውም ከአንድ ዛፍ ሥር ይጠለላሉ፤ ዛፉም አልተቆረጠም። ሕዝብ የሚያበላሸው የሌላ ነው ብሎ ያመነውን ነው።

«ለእንክብካቤው ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚሉም መልስ አይጠፋም። በ2011 ዓ.ም. ከተማይቱን ለማስዋብ በተዘጋጀው «ገበታ ለሸገር» የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ባለጠጋን ለግንባታው ማስከፈል ከተቻለ፣ ለጥበቃውም ማስከፈል ይቻላል። ፈረሱና ዚፕላይኑ በዋጋ ይሁን፤ ሣሩና ጥላው ግን በነፃ!

ይህ ነገር ከኛ የራቀ አይደለም። የምንማርበት የስድስት ኪሎ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። የንጉሥ አጥር ለድኻ ልጅ ሲከፈት አገር ምን እንደሚያተርፍ ከኛ የተሻለ ምስክር የለም። ስለዚህ ማኅበራችን ዝም አይበል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን የመናፈሻዎቹ በር ለሁሉ በነፃ እንዲከፈት፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ደግሞ በየቀኑ ክፍያ እንዲቀር የከተማውን አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቅ።

መናፈሻው የሕዝብ ነው ካሉን፣ ሕዝቡ የሚገባበትን በር ያሳዩን።