ቡናን ከሥሩ ላቀመሱን የበበቃ አስጎብኚ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼና በበበቃ ቡና እርሻ ለሚገኙ የሥራ ባልደረቦችዎ፤

ጋሼ፣ ምስጋናዬን በስልክ ልነግርዎ እችል ነበር፤ ያደረጉልን ነገር ግን በእኛና በእርስዎ መካከል ብቻ ሊቀር አይገባም ብዬ ለአደባባይ ጻፍኩት።

ፈረንሳይ አገር፣ ቦርዶ ወይም ቡርጎኝ የሚሄድ እንግዳ አስጎብኚ ተመድቦለት በወይን ተክሉ መሀል ይዞራል። አፈሩን ይነካል፣ ምድር ቤት ወርዶ ከበርሜሉ ይቀዳለታል፣ የዚህ ኮረብታ ወይን ከዚያኛው በምን እንደሚለይ በምላሱ ይረዳል። ለዚህ ብሎ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። የቡና አገር ልጆች የሆንነው እኛ ግን፣ ጠዋት ማታ እየቆላን፣ አቦል ቶና በረካ እያልን፣ ቡናውን ከነመሬቱ ያስቀመሰን ሰው ስንት ነው? እርስዎ አስቀመሱን። የማመሰግንዎም ለዚህ ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም። ከ10,000 ሄክታር በላይ የሆነ እርሻ ነውና በመኪና አዙሮ መሸኘቱ ይቀልዎ ነበር። እርስዎ ግን አስወርደው በእግር ወሰዱን። መጀመሪያ ያሳዩንም ዛፎቹን ነው፤ ጥላው ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል እንዴት እንደሚረዳ፣ የሚረግፈው ቅጠል አፈሩን እንዴት እንደሚመግብ፣ ዋንዛና ሰሳ በቡና መሀል ለምን እንደማይቆረጡ አስረዱን። ከዚያ አንድ ቀይ እሸት ቀጥፈው በሁለት ጣትዎ ጨመቁና ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ ጣሉልኝ። «ምጠጪው» አሉኝ። ልጋጉ ይጣፍጣል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ወዲያው ደግሞ ያልቀላውን አስጨመቁኝ። እሱ ልጋግ የለውም፤ ምላስ ይይዛል። ለቃሚ ቀዩን ብቻ መርጦ እንዲለቅም ለምን እንደሚለመን ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

የማድረቂያ አልጋው ዙሪያ የቆሙትን እናቶች በተለይ አመሰግናለሁ። ጀንፈሉን እያገላበጡ፣ የተበላሸውንና ነፍሳት የበላውን እየለቀሙ ሲጥሉ እጃቸው ከዓይናችን ይፈጥናል። አንዷ እናት አንድ ፍሬ አንስተው ጆሯቸው ሥር ነቀነቁና ለእኛም ሰጡን። የደረቀው በገለባው ውስጥ ይንኳኳል፣ ያልደረቀው ዝም ይላል። ይህን የመሰለ እውቀት የያዙ ሰዎች ስማቸው በየትኛውም የቡና ማሸጊያ ላይ የለም፤ ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ።

ቀመሳው በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ነበር። ብርጭቆዎቹን ደረደሩ፣ በእያንዳንዳቸው 8 ግራም ያህል ለስለስ ተደርጎ የተቆላ ቡና ፈጭተው ጨመሩ፣ ከፈላ በኋላ ትንሽ በረድ ያለ ውሃ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሞሉበት። ስኳር የለም፣ ጨው የለም፣ ጤና አዳም የለም። 4 ደቂቃ ጠብቀው ከላይ የሰፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ገፋ ሲያደርጉት ሽታው ፊታችን ላይ ወጣ። «አትፈሩ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ማጉት» አሉን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብርጭቆዎች ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ሳምንት የተለቀሙ ነበሩ። አንዱ ታጥቦ የደረቀ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል። ሌላው ከነገለባው የደረቀ ነው፤ ወፍራም፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚሸት። አፈሩ አንድ፣ ዛፉ አንድ፣ ልዩነቱ ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው። ሦስተኛው ከጌሻ በኩል፣ ከከፍታ ቦታ የመጣው ነበር፤ አበባ አበባ የሚሸተው። በደጋው ብርድ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚጠና ጣዕሙ እንደሚሰበሰብ ሲነግሩን ማስረጃው አፋችን ውስጥ ነበር።

የጌሻን ቡና ታሪክ ያነሱልንም ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከዚህ አካባቢ ጫካ ያስለቀሙት ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ፣ ቱሪያልባ የምርምር ማዕከል ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። ለብዙ ዓመታት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። እዚያው ፓናማ ያለው የኤስሜራልዳ እርሻ ባለቤቶች፣ የፒተርሰን ቤተሰብ፣ የእርሻቸውን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ እየቀመሱ ለዩትና በ2004 ለውድድር አቀረቡት። አንደኛ ወጣ፣ በጨረታም አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። በዚያ ዘመን ተራው ቡና በዓለም ገበያ 1 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ዘሩ የእኛ ነው፤ ዋጋውን ያገኘው ግን ቀምሶ የለየው ነው። እርስዎ ይህን ሲናገሩ ቁጭት እንጂ ምሬት አልነበረብዎትም። በ2011 ጌሻ ቪሌጅ የተባለው እርሻ እዚሁ አገራችን ሥራ ጀምሮ የጌሻን ቡና በትውልድ ቦታው ስም ለዓለም መሸጡንም በደስታ ነው የነገሩን።

ጨሞ የሚባለውን መጠጥ ሳላነሳ አላልፍም። የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈልቶ ሲቀርብልን፣ ከእኛ መሀል ከዚያ በፊት የቀመሰው አልነበረም። የቤንችና የሸካ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚጠጣውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው አለማወቁ ያሳዝናል፤ እርስዎ ግን በእንግድነት ክብር አስተዋወቁን። በምክርዎ መሠረት ቴፒም ሄደን የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከሉን አየን። ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ኮረሪማው ከሥሩ እንዳፈራ ማየት ከመጽሐፍ አይገኝም።

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህን ሙያ ለወጣቶች ያስተምሩልን። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደጃችሁ ነው፤ ተማሪዎቹ ከእርስዎ ጋር ማሳ ቢውሉ ከአስጎብኚነትም ከቀማሽነትም እንጀራ ያገኙበታል። የክልሉ ቱሪዝም ቢሮና አስጎብኚ ድርጅቶችም ለአገር ልጅ በሚስማማ ዋጋ ይህን ጉብኝት መደበኛ ቢያደርጉት ብዬ በእርስዎ ስም እለምናለሁ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ሚዛን ተፈሪ በጅማና በቦንጋ በኩል ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቀማው የሚደምቀው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነውና፣ እርሻውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱና ሂዱ።

አክባሪዎ፣
ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዳዎ