ከኤ እስከ ደብሊው ተጉዘን ጎንደር ስንደርስ

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ሲል የሚወጣውን የደረጃ ሰንጠረዥ አስተውላችሁታል? ኳስ የነካ የለም፣ ነጥብ የያዘም የለም። ስለዚህ ክለቦቹ የሚደረደሩት በስማቸው ፊደል ነው። አርሰናል አንደኛ፣ አስቶን ቪላ ይከተላል። በደብሊው የሚጀምሩት እነ ዌስትሃም ገና ሳይጫወቱ ከታች ናቸው። የአርሰናል ደጋፊ «ይኸው እየመራን ነው» ሲል፣ የማንቼው «እሷንም በፊደል ነው ያገኛችኋት» ይለዋል። በእኛ ፊደል ቢደረደርማ ሌላ ጉድ ነበር። ሀል ሲቲ ካልመጣ በስተቀር ሊቨርፑል ከላይ ጉብ ይል ነበር፤ አርሰናልም ወደ መሐል ይንሸራተታል።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ሰንጠረዥ ለብዙዎቻችን የጂኦግራፊ መምህር ሆኗል። ጎንደር ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት የተቀመጠ ወጣት ሰንደርላንድን፣ ኖሪችን፣ ስቶክን በስማቸው የሚጠራው ካርታ አጥንቶ አይደለም። ኳስ አስተምራው ነው። እስቲ ዛሬ በዚያው ፊደል ትንሽ እንጓዝ። መጨረሻችን ግን ጎንደር ነው።

ከኤ እንጀምር። አርሰናል የሚባል ከተማ የለም። ስሙ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ለንደን ዉልዊች የነበሩ የፋብሪካው ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1886 ክለቡን መሠረቱት፤ በ1913 ወደ ሰሜን ለንደን ሃይበሪ ተሻገረ። ሲ ላይ ያለው ቼልሲም የሚጫወተው ፉልሃም በሚባለው ሰፈር ነው። ኤም ላይ ስንደርስ ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር ከተማ አስተዳደር ወሰን ውጪ፣ ትራፎርድ ውስጥ ነው። ሲቲዎች «ማንቸስተር ማለት እኛ ነን» ብለው የሚያበሽቁት በዚህ ነው።

ቢ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ብላክበርን፣ ቦልተን፣ በርንሌይ፤ ሦስቱም በላንክሻየር አካባቢ በጥጥ ፋብሪካ ያደጉ ጎረቤታሞች ናቸው። ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ1995 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። በርንሌይ ደግሞ ነዋሪዎቿ 100 ሺህ የማይሞሉ ከተማ ናት። ክለቧ ግን ከ1883 ጀምሮ ተርፍ ሙር ላይ ይጫወታል። ሊግ ወረደ፣ ወጣ፣ ከሰረ፣ አተረፈ፤ ሜዳው አልተለወጠም። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ ጎንደር ከተማ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት።

ሲ ላይ ቼልተነም የምትባል ከተማ አለች። ክለቧ ከታችኞቹ ሊጎች ስለሆነ ብዙም አናውቃትም። ለእኛ ግን ቅርብ ልትሆን ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም የእኛው ልጅ ተምሮባታል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። አባቱ የቋራው ካሳ በ1847 ዓ.ም. ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ነው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው። ልጁ እንግዲህ በሁለቱም ወገን የዚህ አገር ሰው ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሰባት ዓመት ገደማ የሆነውን ሕፃን ይዞት ሄደ። እናቱ ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ አረፉ።

ከዚያ በኋላ የልጁ ኑሮ ከፊደል ፊደል መዝለል ሆነ። ሲ ላይ ቼልተነም። አር ላይ ራግቢ፤ አዎ፣ ጨዋታው ስሙን ያገኘበት ትምህርት ቤት። ኤስ ላይ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። ኤል ላይ ሊድስ፤ እዚያ ታሞ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። ደብሊው ላይ ዊንድሰር፤ መቃብሩ እዚያ ነው። አገሩ አስከሬኑን እንዲመልሱላት ጠይቃለች፤ በ2015 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ «አይሆንም» አለ። ሊድስ ዩናይትድ ሲያሸንፍ የሚጨፍር የጎንደር ልጅ ይቺን ታሪክ ቢያውቃት ጥሩ ነው። ከተማ ለከተማ መዞር ባለአገር አያደርግም።

አሁን ወደ ኳሱ እንመለስ። ደብሊው ላይ አንድ ስም ቀርቶናል፦ ዊምብልደን። እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቨርፑልን ረትቶ የኤፍ ኤ ካፕን ያነሳው ክለብ ነው። በ2003 ባለቤቶቹ ክለቡን ነቅለው ሚልተን ኬይንስ ወደምትባል ሌላ ከተማ ወሰዱት። ደጋፊዎቹስ? ዝውውሩ የተፈቀደ ዕለት አልተቀበሉትም። በ2002 የራሳቸውን አዲስ ክለብ መሠርተው ከታች፣ ከአማተር ሊግ ጀመሩ። እየወጡ እየወጡ በ2020 በዚያው በሰፈራቸው በፕላው ሌን ስታዲየም ሠርተው ገቡ። ኤቨርተንም እ.ኤ.አ. በ2025 የወንዶች ቡድኑን ከጉዲሰን ፓርክ ሲያስወጣ ከሊቨርፑል ከተማ አላስወጣውም። እዚያ ክለብና ከተማ የሚጣሉበት ነገር ቀላል አይደለም።

የእኛስ? ዊምብልደን ወደ ሰፈሩ በተመለሰበት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእኛ ሊግ ሰፈር ለቀቀ። ወረርሽኙና የቴሌቪዥን ስርጭቱ ተደምረው ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው መጫወት ጀመሩ። ዘንድሮ እዚህ፣ ከርሞ እዚያ። ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. በነበሩት የውድድር ዘመናት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ አስተናግደዋል። ጎንደር ግን የለችበትም።

ፋሲል ከነማ በእኛ ፊደል ቢደረደር ከታች ነው፤ «ፈ» መጨረሻ ላይ ናትና። በሜዳ ግን አፄዎቹ በ2011 ዓ.ም. ሊጉን በአንዲት ነጥብ ልዩነት ተነጥቀው የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። ግን ልብ በሉ፦ በዚያ የድል ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወቱም። ደጋፊው የራሱን ሻምፒዮን ያየው ልክ በርንሌይን በሚያይበት መንገድ ነው፤ በዲኤስቲቪ። «ከነማ» ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማህበር ማለት ነው። ነዋሪው ማየት ካልቻለ ማህበሩ የማን ነው?

ፋሲለደስ ስታዲየም የጎንደር ብቻም አልነበረም። ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ጋቢውን ደርቦ በጠዋት ሚኒባስ ለሚነሳ ሰው ሁሉ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ድሬዳዋ ሂድ ብትሉት ግን በአዲስ አበባ በኩል ከ1 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማን ይሄዳል?

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አላጣሁትም። ካሜራና ባለሙያ በየከተማው ማዞር ወጪ አለው። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ክለቦችን ጠቅሟል። የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የመጣው ግጭት ሲጨመር ጸጥታውም ትልቅ ጥያቄ ነው። ተጫዋችና ተመልካች ለአደጋ ይጋለጥ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን «አሁን አይቻልም» እና «ይረሳ» የተለያዩ ናቸው። ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ አገር ሥር ሲሰድ ብዙ አይተናል።

ስለዚህ የሊጉ አክሲዮን ማህበር ለጎንደር በጽሑፍ ይንገራት። ሳሩ ነው? ፓውዛው ነው? መልበሻ ክፍሉ? የካሜራ ቦታው? የጎደለውን በዝርዝር፣ ሲሟላም አንድ ዙር እንደምታስተናግድ ቃል ሰጥቶ። የከተማው አስተዳደርና ባለሀብቱም «ስታዲየም የመንግሥት ነው» ብለው እጃቸውን አያጣጥፉ። የዊምብልደን ደጋፊ መዋጮ ያወጣው ሀብታም ስለሆነ ሳይሆን ቡድኑ ስለናፈቀው ነው።

በርንሌይን የምናውቃት ከ1883 ጀምሮ ልጆቿ አንድ ሜዳ ላይ ስለሚሰበሰቡ ነው። የእሷን እጥፍ ሕዝብ ያላት ጎንደር ለልጇ በዓመት አንድ ዙር ብትጠይቅ በዛባት?