ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ሲቀር

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር፣ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እጁን ስለት ቢቆርጠው ቁስሉ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይሽራል፤ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን የተጎዳው ነርቭ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሥጋው ከሻረ በኋላ እንኳ እጁ እንደ እሳት ሊያቃጥለው፣ የሸሚዙ እጅጌ ሲነካውም እንደ መርፌ ሊወጋው ይችላል። ይህ ሕመም የስኳር በሽታና አልማዝ ባለጭራ የያዛቸውን ብዙዎች ያገኛል። በአገራችንም ከሥጋ ደዌ ታክመው በዳኑ ሰዎች ላይ መታየቱን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አስረድቷል።

እንዲህ ያለው በሽተኛ፣ «ብርቱ ማስታገሻ ባገኝ ይለቀኝ ነበር» ማለቱ አይቀርም። ከብርቱዎቹ ማስታገሻዎች ዋናው ሞርፊን ነው። ሞርፊን በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ካሉት ተቀባዮች ጋር ተገናኝቶ የሕመሙን መልእክት ያዳክማል። ታዲያ ለነርቭ ጉዳት ኃይሉ የሚያንሰው ስለ ምንድን ነው?

መልሱን ከአይጦች እንማር። እ.ኤ.አ. በ1988 ቤኔትና ሺዬ የተባሉ ተመራማሪዎች ወደ አይጥ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ በክር ላላ አድርገው በማሰር የነርቭ ሕመምን የሚያጠኑበት ዘዴ አወጡ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች፣ ሞርፊን ለነርቭ ሕመም የሚሠራው ለተራ ቁስል ከሚሠራው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱም ነርቭ ሲጎዳ የሞርፊን ተቀባዮች ይቀንሳሉ፤ የኅብለ ሰረሰር ሕዋሳትም ያለ ልክ ይነቃቃሉ። በር ጠባቂው ሲያንስ ግፊያው በዛ ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፒተር ግሬስና ሊንዳ ዋትኪንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነርቫቸው ለተጎዳ አይጦች ሞርፊን 5 ቀን ብቻ ሰጡ፤ ሕመሙ ግን ሞርፊን ካልተሰጣቸው ይልቅ እጥፍ ያህል ጊዜ ቆየ። መድኃኒቱ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን ብግነት አባብሶት ነበርና።

እርግጥ አይጥ ሰው አይደለችም። ሞርፊንም ለቀዶ ሕክምናና ለካንሰር ሕመም ታላቅ መድኃኒት መሆኑ አልቀረም፤ ለሚያስፈልገው ሰው መንፈግ ጭካኔ ነው። ለነርቭ ሕመም ግን ሐኪሞች አስቀድመው የሚሞክሩት እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉትን ነው፤ ፊተኛው ለድባቴ፣ ኋለኛው ለሚጥል በሽታ የተሠሩ ናቸው። ብርቱዎቹ ማስታገሻዎች ከነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ጓደኛህ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጥህን ትራማዶል አትዋጥ፤ ሱስ ያስይዛል፤ ሲበዛም ትንፋሽ ያሳጥራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ሐኪም ፊት ስትቀርብ «አመመኝ» ብለህ ብቻ አትመለስ። ያቃጥልህ፣ ይጠዘጥዝህ፣ ይደነዝዝህ እንደ ሆነ ለይተህ ንገረው፤ ትክክለኛው መድኃኒት የሚመረጠው ከዚህ ቃልህ ተነሥቶ ነውና።