የሚደፋው አጓትና ከአጓት የሚወጣው ክር

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች በጾም ወራት ገዢ ያጣው ወተት ረግቶ ይናጣል። ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል ወይም ወደ ገበያ ይወጣል፤ አሬራው በእሳት ሞቆ አይብ ይሆናል፤ የቀረው ቢጫ ውሃ፥ ማለት አጓቱ፥ ለጥጃ ወይም ለውሻ ይሰጣል፥ አለዚያም ከደጅ ይደፋል። ቅቤና አይብ በነጋዴ መዝገብ የሚጻፍ ዋጋ አላቸው። የአጓትን ስም በመዝገቡ ያሰፈረ ነጋዴ ግን ቢፈለግ የሚገኝ አይመስልም።

ይሁን እንጂ በዚሁ በሚደፋው ውሃ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሌላ አገር ሊቃውንት እጅ ክርና ወንፊት እየሆነ ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰኩበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ አጭር ሲሆን ፔፕታይድ ይባላል። ከዶቃዎቹ አንዳንዶቹ ውሃን ይሸሻሉ፥ አንዳንዶቹ ይወዳሉ፥ ሌሎቹም እንደ ማግኔት ጫፍ ይሳሳባሉ። ስለዚህ አንዳንድ ፔፕታይዶች ውሃ ውስጥ ሲገቡ፥ ፈታይም ሸማኔም ሳይነካቸው፥ በራሳቸው ተሰልፈው ክር፥ ቱቦ ወይም መረብ ይሆናሉ። ውፍረታቸው የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ወተት ስትንጥ የኖረች የጎጃም እመቤት የተበተነው ቅባት ሲሰበሰብ ስላየች፥ ነገሩን ከብዙ የተማረ ሰው ቀድማ ሳትረዳው አትቀርም፤ ምንም እንኳ ቅቤው ናጪ የሚፈልግ፥ ፔፕታይዱ ግን የማይፈልግ ቢሆን።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሹጓንግ ዣንግ የተባሉት ተመራማሪ ከእርሾ ፕሮቲን ያገኙትን፥ 16 አሚኖ አሲድ ያለውን እንዲህ ያለ ፔፕታይድ በ1993 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታወቁ። የዚሁ ዘመድ የሆነ ፔፕታይድ ዛሬ ፑራስታት በሚል ስም ይሸጣል፤ እንደ ውሃ የጠራ ሆኖ ደም ሲነካው ይረጋና የሚደማውን ይዘጋል። ከግኝቱ እስከ አውሮፓ የሽያጭ ፈቃድ ድረስ 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል። «ናኖ» የሚል ጽሕፈት ያየበትን ቅባትና ማጣሪያ ሁሉ ለማስመጣት የሚቸኩል አስመጪ ይህን ቁጥር ልብ ቢል መልካም ነው፤ የፈቃዱን ወረቀት ሳያይ ገንዘቡን አይስደድ።

ለምዕራብ ጎጃም ከመድኃኒቱ ይልቅ የሚቀርበው የአጓቱ ነገር ነው። በስዊዘርላንድ በዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ራፋኤሌ መዜንጋና ባልደረቦቻቸው የአጓትን ፕሮቲን በኃይለኛ አሲድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ያሞቁታል፤ ፕሮቲኑ ተቆራርጦ ፔፕታይድ ይሆናል፥ ቁርጥራጮቹም ተሰብስበው ቀጭን ክር ይሠራሉ። ክሩን ከከሰል ጋር አዋሕደው በ2016 እ.ኤ.አ. ከውሃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የሚይዝ ማጣሪያ ሠሩ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚሁ ክር በተሠራ ስፖንጅ ከ20 አሮጌ ኮምፒዩተሮች ሰሌዳ 450 ሚሊግራም የሚመዝን ባለ 22 ካራት የወርቅ እንክብል አወጡ። ወርቁ ወሬውን አሰማው እንጂ፥ ለኢትዮጵያ የሚበልጠው በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ሥራ ነው፤ በዚያ ክሩ ከዚርኮኒየም ጋር ሆኖ ፍሎራይድን ከውሃ ለየ። በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂና በሌላውም ስፍራ፥ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የስንቱን ጥርስ እንዳጠቆረና አጥንት እንዳጎበጠ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ባለሱቅ ፋጉሎን ያስብ። ፋጉሎ የዘይት ጭማቂ ትራፊ ነው፤ ነገር ግን በኩንታል ይሸጣል። በ2013 ዓ.ም. የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ በተመረቀባት በቡሬ ትራፊ ዋጋ እንዳለው ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ልዩነቱ ፋጉሎ በአንድ ደጅ ተከምሮ ሲገኝ፥ አጓት በሺህ ቤት ጥቂት ጥቂት ሊትር ሆኖ መበተኑ ነው። ከ100 ሊትር አጓት የሚገኘው ፕሮቲን አንድ ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ፥ ወተቱ በአንድ ስፍራ ካልተሰበሰበ ንግዱ ነዳጁን አይከፍልም። እንግዲህ ወተት ሰብሳቢ ማኅበርን ማጠናከር ከማናቸውም የናኖ ወሬ ይቀድማል።

ሌላም ጥርጥር አለ። የጎጃም አጓት ከኮመጠጠና ከሞቀ አሬራ የሚወጣ ስለ ሆነ፥ የሚፈለገው ፕሮቲን ከፊሉ ከአይቡ ጋር ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከአውሮፓ አይብ ፋብሪካ አጓት ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። ይህ በክርክር ሳይሆን በምርመራ የሚለይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሩቅ አይደለም፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም በቡሬ ካምፓስ አለው። የሁለቱ ከተሞች ነጋዴዎች ወጪውን ተካፍለው ናሙና ቢያስመረምሩ ተገቢ ነው፤ ናሙናውም በንጹሕ ጠርሙስ፥ በቅዝቃዜ ተይዞ፥ ከደጋውም ከቆላውም፥ የጾሙ ከፍስኩ ተለይቶ ይወሰድ።