መውጫው የት ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። እንጀራዋ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ከሥራ ስትወጣ ግን የሚፈርሱ ሰፈሮችን ፎቶ ታነሳለች፣ ነባር ነዋሪዎችን ታጫውታለች። ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ ከአንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ጋር ያወጋችው ብቻ ሁለት ደብተር ሞልቷል። የካዛንቺሱ ገና አልተገለበጠም፤ ስልኳ ውስጥ በድምፅ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ጽፋ ጦማር ልትከፍትበት ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እያቸው፤ የቱ ይሻላል?»

ስክሪኑ ላይ አራት ቴምፕሌት ተደርድሯል። አንዱ ጥቁር መደብ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ከላይ ፎቶ የሚንሸራተትበት፤ አራተኛው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሦስት ወር።»

«ስንት ጽሑፍ ወጣ?»

ዝም አለች። ገብቼ ሳይ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ ርዕሱ «ሄሎ ወርልድ» ይላል። ዎርድፕሬስ ሲጫን ራሱ ጽፎ የሚያስቀምጠው ሰላምታ ነው።

ልስቅባት አልቻልኩም። እኔም በ1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት ላይ የመጀመሪያዬን ስከፍት የጎብኚ መቁጠሪያ፣ ሰዓት፣ በአግድም የሚሮጥ ጽሑፍና የአየር ሁኔታ የሚናገር ሳጥን ደርድሬበት ነበር። የአዲስ አበባን አየር፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለሚያነቡኝ አሥራ አንድ ሰዎች። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ እኔው ራሴ መሆኔን ደግሞ መቁጠሪያው አይናገርም።

ሰው መድረክ ሲመርጥ የሚጠይቀው የቱ እንደሚያምር ነው። ቤት ሊከራይ ሄዶ የመጋረጃውን ቀለም እንደሚጠይቅ። እኔ ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል፤ ልወጣ ብል ምን ይዤ እወጣለሁ? እዚህ ጥያቄ ላይ የደረስኩት በብልህነት አይደለም። ጽሑፌ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወጥቷል፤ ሁለቱም አወጣጥ ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው እገዳ ነበር። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት አገር ውስጥ እንዳይከፈት ተደረገ። የተቃዋሚው፣ የምግብ አሠራር የሚጽፈው፣ የኔም ግጥምና የአየር ሁኔታ ሳጥን ሳይለይ በጅምላ። ከዓመታት በኋላ ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪዎች ቡድን ልጆችም የጻፉት እዚያው ብሎግስፖት ላይ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ «ጦማር» የሚለው ቃል ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ የሰው ሁሉ አፍ ላይ ገባ። ሰዎቹ ታሰሩ፤ ጽሑፋቸው ግን ባሕር ማዶ ኮምፒውተር ላይ ስለተቀመጠ ውጭ ያለ ሰው ያነበው ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች ተከፈቱ ሲባል እኔም የድሮዬ ትዝ ብሎኝ ገባሁ። መቁጠሪያው ሞቷል፣ የአየር ሁኔታው ሳጥን ባዶ ሆኗል። ጽሑፉ ግን አራት ነጥብ እንኳ አልጎደለበትም።

ሁለተኛው መጥፋት ነው። ብሎግስፖት በታገደበት ዘመን «አሁንስ የራሴ ቤት ይኑረኝ» ብዬ ከአንድ ድርጅት ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ቦታ) ገዛሁ። በየዓመቱ ከፈልኩ፣ ደረሰኙን በፋይል አኖርኩ። አንድ ቀን ሰርቨሩ ተበላሸ ተባለ። ባክአፕ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ አለ አሉኝ። የነበረው እዚያው የተበላሸው ዲስክ ላይ ነው። የአራት ዓመት ጽሑፍ አብሮ ሄደ። የታገደው ተመለሰ፤ ገንዘብ የከፈልኩበት ቀረ። «የራስ ቤት» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል።

ይህ የኔ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። ያሁ የገዛው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲዘጋ ስንትና ስንት የሰው ገጽ ይዞ ነው የሄደው። ፖስተረስ የተባለውን የጦማር መድረክ ትዊተር ገዛው፣ በዓመቱ በ2013 ተዘጋ። ታይፕፓድ የተባለው ሌላ መድረክ ለሃያ ዓመት ያህል ገንዘብ እየተከፈለበት ሲሠራ ኖሮ በመስከረም 2025 በሩን ቆለፈ። መክፈል ዋስትና አይሆንም ማለት ነው፤ ነጻ መሆንም እንዲሁ። ጉግልም ቢሆን በ2013 ሪደር የተባለውን የጦማር ማንበቢያውን በስንቱ ልመና መሀል ዘግቶታል፤ ብሎገርን፣ ማለትም ብሎግስፖትን፣ ነገ አይዘጋም ብሎ የሚምል ቢኖር እኔ አይደለሁም። ብሎገርን በ1999 ከጀመሩት አንዱ ኢቫን ዊሊያምስ ራሱ በ2012 ሚዲየም የሚባል ሌላ መድረክ ይዞ መጥቷል። ሠሪው ሲወጣ ተከራዩ ለምን እንደማይወጣ እንጃ።

ዎርድፕሬስን የሚያህል የለም የሚሉኝ አሉ። ግማሹን እስማማለሁ። ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 ሲጀምሩት ሌላ የተተወ ፕሮግራም ላይ ተንተርሰው ነው፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማንም ወስዶ ራሱ ኮምፒውተር ላይ መትከል ይችላል። በዓመቱ በ2004 ሙቨብል ታይፕ የሚባለው የዘመኑ አውራ የፈቃዱን ውል ቀይሮ ክፍያ ሲያከርር ሰዉ እየነቀለ ወደዚህ ጎረፈ። መጉረፍ የቻለው ዕቃውን መሸከም ስለቻለ ነው። ብዙ ሰው ግን ዎርድፕሬስ የሚባሉት ሁለት መሆናቸውን አያውቅም። አንዱ ወስደህ ራስህ የምትተክለው ፕሮግራም፣ ሌላው አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ የሚያከራየው ቤት። በመጀመሪያው ሁሉን ትነካካለህ፤ ፕለጊን ማደሱም ከሰርጎ ገብ መጠበቁም ግን ያንተ ራስ ምታት ነው። ክፍት ኮድ ቢሆንም ከሰው ጠብ አያመልጥም። በ2024 ሙለንዌግና ደብሊውፒ ኢንጂን የተባለው የሆስቲንግ ኩባንያ ሲጣሉ የሆስቲንጉ ደንበኞች ጣቢያቸውን ማደስ የተከለከሉበት ጊዜ ነበር።

ወደ ልጅቷ ቴምፕሌት ልመለስ፤ እውነተኛው የአማርኛ ጸሐፊ ጣጣ ያለው እዚያ ነው።

ቴምፕሌት ሠሪው ሲሠራ ዓይኑ ፊት ያለው የላቲን ፊደል ነው። እሷ ነጩን የወደደችው ርዕሱ በተጻፈበት ፎንት ነበር፤ ያ ፎንት ውስጥ ግን አንድም የኛ ፊደል የለም። አማርኛ ሲጻፍበት የአንባቢው ማሽን ከጓዳው ያገኘውን ያቀርባል፤ አሮጌ ዊንዶውስ ኒያላን፣ ማክ ኬፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን። አንድ ገጽ በሦስት ሰው እጅ ሦስት መልክ ይዞ ይወጣል። ጥቅስ ሁሉ ኢታሊክ ይሁን የሚል ትዕዛዝም አለበት። የላቲን ኢታሊክ ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው፤ የኛ ፊደል እንዲያ ያለ ወግ ስለሌለው ማሽኑ በግድ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ «ሐ» እግሯ እንደታመመ ሰው ትቆማለች። ማድመቅም የራሱ መዘዝ አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እጅግ የምወደው ፎንት ነው፤ ደማቅ ወንድም ግን የለውም። ደማቅ አድርግ ሲባል ማሽኑ ጠርዙን ያሳብጠዋል፣ የ«ጨ» እና የ«ጭ» ልዩነት በጭጋግ ይዋጣል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ደረጃ አለው፣ ዋጋውም ነጻ ነው። ቴምፕሌት አስተካክል ብትሉኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ፎንት አስገብቶ ኢታሊኩን ማጥፋት፣ ቀጥሎ በመስመሮች መሀል ያለውን ክፍተት ማስፋት ነው። ቀለሙ ይቆይ።

ግራና ቀኝ እኩል ማድረግን የወደዱ ሰዎችም አሉ፤ መጽሐፍ ይመስላል ይላሉ። «ስለማያስፈልጋቸው» የሚያህል ቃል ባለበት ቋንቋ፣ ቃሉን ለሁለት በማያጥፍ ብራውዘር፣ በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ ሞክሩት። በቃላቱ መሀል ሚኒባስ ያልፋል። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ በነበረ ጊዜ ጸሐፊው ቃሉን የትም ቆርጦ ወደ ታች ያወርደው ነበር፤ ያንን ነጻነት ከነጥቡ ጋር አብረን ጣልነው።

አድራሻው ደግሞ አለ። ልጅቷ «የካዛንቺስ የድሮ ቤቶች» ብላ ርዕስ ጻፈች እንበል። አሥራ ሁለት ፊደል ነው። ኮምፒውተር አንዷን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይይዛታል፤ እያንዳንዱ ባይት በድር አድራሻ ላይ ፐርሰንት ተቀጥሎለት ሦስት ምልክት ይሆናል። አሥራ ሁለቱ ፊደል ከነመለያያው 110 ምልክት ወጣው ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ልጅ ኪቦርድ ላይ ተቀምጦበት የሄደ ይመስላል። ዎርድፕሬስ ከ200 ምልክት በላይ ስለማይቀበል ረዘም ያለ የአማርኛ ርዕስ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ብሎገር ከናካቴው አይሞክረውም፤ አማርኛ ሲያይ «ብሎግ ፖስት» ብሎ ይሰይመዋል፣ ቀጣዩንም ቁጥር ጨምሮ እንደዚያው። ሃምሳ ልጆቿን ሁሉ «ማሙሽ» ብላ የጠራች እናት አስቡ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱም ላይ ከማውጣትህ በፊት አጭር አድራሻ በላቲን ፊደል ራስህ መጻፍ ትችላለህ። ብሎገር ላይ ካወጣህ በኋላ ብትቀይረው የተሰራጨው ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ቀኑን በአማርኛ ጻፍ የተባለ መድረክም «ጃንዩወሪ» ብሎ እንደሚጽፍ ላስጠንቅቅ። ጥርን የሚያውቅ አላገኘሁም። እኔ ቀኑን ደብቄ፣ ጽሑፉ ጫፍ ላይ በራሴ አቆጣጠር በእጄ እጽፋለሁ። ፍለጋው ደግሞ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈን ሰው «ጸሀይ» ብሎ ከሚፈልገው ጋር አያገናኝም፤ ቢያንስ አንድ ጸሐፊ በአንድ ጦማር ውስጥ አንዱን አጻጻፍ ይዞ ይጽና።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው። ሰብስታክ የተባለው መድረክ ከአንባቢ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ በተባለ የክፍያ አገልግሎት በኩል ነው፤ ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ጸሐፊ የሚያገኘውን ጥቅም አራት ኪሎ ያለው አያገኝም። ውጭ አገር ሆስቲንግ ለመግዛትም በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፤ አንባቢውም እዚያ ስላለ አልፈርድበትም። እዚያ ግን አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4,096 ፊደልና ምልክት አያልፍም፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ የአምናውን መስከረም ጽሑፍህን ፈልገህ አግኘው እስቲ። ጥሪ ማሰሚያ ጥሩ ነው፣ ጎተራ ግን አይሆንም።

«እሺ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አራቱም ቴምፕሌት አሁንም ተከፍቷል።

ዎርድፕሬሱን ትተን ቀላሉን መረጥንላት፤ ብሎገር፣ ነጻ ስለሆነና ካርድ ስለማይጠይቅ። ዶሜኑን (የጦማሩን አድራሻ) ግን በራሷ ስም ትገዛለች፤ ሙኒክ ያለው ወንድሟ በዓመት የሚከፍልላት ከ20 ዶላር አይበልጥም። ስሙ የሷ ከሆነ ነገ ወደ ዎርድፕሬስ ብትመለስም የሰው እጅ ያለው ሊንክ እሷን ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሙከራ አዘዝኳት፤ ሦስት ጽሑፍ አስገቢ፣ ወዲያው ሁሉንም አውርጂ። አስገባች፣ አወረደች። አንድ ኤክስኤምኤል ፋይል ወጣ፤ ክብደቱ ከአንድ ፎቶዋ ያንሳል።

«ፎቶዎቹስ?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ፋይሉ ውስጥ የፎቶው አድራሻ እንጂ ፎቶው የለም። የዎርድፕሬሱም ያው ነው። መድረኩ ቢዘጋ የሻይ ቤቷን ታሪክ ይዛ ትወጣለች፣ ሻይ ቤቱን ግን አትይዝም። ቤቱ ደግሞ ፈርሷል፤ ዳግመኛ ሄዳ አታነሳውም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁና ስለ ቴምፕሌት ያልኳትን ሁሉ ሳልጨርስ ተነስቼ ከመሳቢያዬ አንድ ሃርድ ዲስክ አመጣሁላት። እስከ ማታ ስንገለብጥ ዋልን።

ርዕሱን «ዶሮ ማነቂያ» አለችው። አድራሻውን በላቲን ስትጽፍ «ቂ»ን በኪው እናድርገው ወይስ በኬ በሚለው ተጣላን። እኔ ኪው አልኩ፤ እሷ ሰው በኬ ነው የሚፈልገው አለች። እናቷ ከጓዳ «ቡናው ቀዘቀዘ!» እያለች ብትጣራም አልተነሳንም።