መምህር በድምፅ ብልጫ ይባረራልን?

«ብዙኃኑ ያልተቀበለው ነገር መብት አይባልም» የሚሉ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። እኛ አንስማማም። ለምን ቢባል የካሊፎርኒያን ነገር እንመልከት።

በዚያች የአሜሪካ ግዛት ሕዝቡ በቀጥታ በድምፁ ሕግ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ብሪግስ የተባሉ የግዛቱ ሴናተር «ሐሳብ ቁጥር 6»ን ለሕዝብ አቀረቡ። ቢጸድቅ ኖሮ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር መምህር ብቻ ሳይሆን፣ ስለነሱ መብት በአደባባይ ደግፎ የተናገረም መምህር ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊባረር ነበር። ልብ በሉ! ትምህርቱን አሳምሮ ቢያዘጋጅ፣ ደብተር ሲያርም ቢያድር ምን ዋጋ አለው? የሚመዘነው በሥራው አይደለማ!

ወግ አጥባቂው ሮናልድ ሬገን እንኳ ተቃወሙት። በውጤቱ የተናደደ ተማሪ መምህሩን በሐሰት ቢከስስስ? አሉ። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ዝቅተኛ ማርክ የሰጠን ሁሉ ይህ ይገባናል። ሐሳቡም ወደቀ።

በ2008 ግን «ሐሳብ ቁጥር 8» በ52 በመቶ ድምፅ አለፈ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጥቂት ወራት በፊት የፈቀደውን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ከለከለ። ቅስቀሳው አሁንም የኛኑ ክፍል ነበር የያዘው፤ «ልጆቻችሁ ይህን በትምህርት ቤት ይማራሉ» እየተባለ ወላጅ ተሸበረ። በ2013 በፍርድ ቤት ክርክር ጋብቻው ተመለሰ፣ በ2024 ደግሞ ያው ሕዝብ ክልከላውን በድምፁ ሰረዘው። ታዲያ በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ለማን ይከፈላሉ?

ጋብቻውን በሃይማኖቱ የሚቃወም ጓደኛ ተቃውሞውን ይናገር፣ አንከለክለውም። ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ በሐሰት የተከሰሰው መምህር አንተ ብትሆንስ፣ እጅ ተቆጥሮ ይወሰን ትላለህ? መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።