የነርስነት ሰርተፊኬት ዋጋው ስንት ነው? ከፋዩስ ማን ነው?

ከመካነ ብርሃን፣ ከደባርቅና ከዳባት አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታችን በተመለስን ቁጥር ወላጆች አዘውትረው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ልጃችን ነርስነት ብትማር ያዋጣል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሬ ሸጦ ልጁን ለማስተማር ለሚያስብ ገበሬ ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም። ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ አስቀምጠን፣ የእኛንም አሳብ ጨምረን ለአንባቢ ፍርድ ለማቅረብ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ጉዳይ አለመሆኑን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ከቀሩት መካከል የማካካሻ ትምህርት የሚደርሳቸው ቢኖሩም፣ ለሚበዛው ወጣት ያለው በር የሙያ ሥልጠና ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ከመቶው እጅግ ጥቂቶቹ ሆነን ሳለ፣ ስለ ሰርተፊኬት ስንናገር አፋችንን ማጣመማችን የሚያስተዛዝብ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንያዝ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል እንበል። ልጅቷ ጎንደር ገብታ ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለትምህርት በወር 4,000 ብር ታወጣለች ብለን ለምሳሌ ብንነሣ፣ በ36 ወር 144,000 ብር ይሆናል። የዳባቷ ልጅ ስንቋን ከቤቷ እያስመጣች ወጪዋን ጥቂት ታቀልል ይሆናል። የጃናሞራዋ ግን በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ የብዋሒትን ከፍታ ተሻግራ ደባርቅ ከደረሰች በኋላ፣ እንደገና ወደ ጎንደር የምትጓዝ በመሆኗ ስንቅ ማመላለሱ አይሆንላትም። በዚህ ላይ በእርሻውና በቤት ውስጥ ትሠራው የነበረው ሥራ በእናቷና በታናናሾቿ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህን ማንም በብር ቆጥሮት አያውቅም።

ገቢውስ? ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሰው ደመወዝ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። የሰርተፊኬት ነርስ የምትገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ፣ ኪራይና ቀለብም ተከፍሎ በወር 2,000 ብር ቢተርፋት፣ የወጣባትን 144,000 ብር ለመመለስ 72 ወር፣ ማለት ስድስት ዓመት ይፈጅባታል። ተመርቃ አንድ ዓመት ሥራ ሳታገኝ በከተማ ብትቀመጥ ደግሞ 48,000 ብር ይጨመርና ወጪው 192,000 ብር፣ የመመለሻውም ጊዜ ስምንት ዓመት ይሆናል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥሩን በራሱ ኑሮ ልክ ይለውጠው፤ በዚህ ምሳሌ ግን ያለ ሥራ የታለፈ አንድ ዓመት ሁለት የሥራ ዓመት እንደሚበላ ልብ ይሏል። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. ስለ ደመወዝ ማነስ አቤቱታ አቅርበው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውም የሙያው ኑሮ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

እንግዲህ ወላጅ በሬውን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ አለው ወይ? ሠልጣኞቹ በሐኪም ቤት ወይም በጤና ጣቢያ በቂ ልምምድ ያደርጋሉ ወይ? ከአምናዎቹ ምሩቃን ስንቱ የብቃት ምዘናውን አለፈ? ስንቱስ ሥራ ያዘ? መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።

ይሁን እንጂ በቤተሰቡ መዝገብ የማይጻፍ ሌላ ገቢ አለ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የመላክ ዓላማ ይዞ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ የገጠሩ ሕዝብ ሊጠብቅ አይችልምና። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም በዚሁ አሳብ የተመሠረተ ነው፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት ያህል አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ውስጥ 166 ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 67 ሆኑ። በጤና ድርጅት የሚወልዱ እናቶችም በዚያው ዘመን ከ5 ከመቶ ወደ 26 ከመቶ ከፍ አሉ። ይህ ሁሉ የነዚህ ሴቶች ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ መንገዱም፣ ክትባቱም፣ ትምህርቱም ድርሻ አለው። ነገር ግን ያለ እነርሱ ክትባቱን ይዞ ዳገቱን የሚወጣ ማን ነበር?

በዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚያስመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አቋቁሟል። የሚወለደውና የሚሞተው ሲቆጠር ደስ ይለናል። ሕፃኑ እንዳይሞት የምትደክመው ልጅ ለትምህርቷ ያወጣችውስ በማን መዝገብ ይገኛል?

ዋናው ነገራችን እዚህ ላይ ነው። ትርፉ የአገር ሆኖ ወጪው የአንድ ገበሬ መሆኑ ፍትሕ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በሕግ በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምንማር ተማሪዎች መኝታችንንና ምግባችንን አስቀድመን አግኝተን፣ ዕዳችንን ሥራ ይዘን ቀስ በቀስ እንድንከፍል ተፈቅዶልናል። ከእኛ ያነሰ ደመወዝ የሚጠብቃት የነርስነት ሠልጣኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱንም ቀለቡንም አስቀድማ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላለች። የተሻለ ገቢ ለሚጠብቀው ብድር፣ ላነሰው እጅ በእጅ! ይህን ልዩነት አይተን ዝም ማለት የለብንም።

አንዳንዶች «መንግሥት ከየት አምጥቶ?» ይሉናል። እኛ የምንለው ስጦታ ይሰጣት አይደለም፤ እንደ እኛው ሠርታ ትክፈል ነው። ሌሎች ደግሞ «ሥራ ሳይኖር ማሠልጠን ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው። ስለሆነም ብድሩ የሚሰጠው በየወረዳው ባለው ክፍት የሥራ መደብ ልክ ይሁን፤ ልጅቷም ከመካነ ብርሃን ስትሄድ ወደ መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ እንደምትመለስ አውቃ ትሂድ። «ሰርተፊኬት ዝቅተኛ ነው» ለሚሉትም መልሳችን መሰላል ይዘርጋላት የሚል ነው። በአሜሪካ ተግባራዊ ነርስ ለመሆን የሚያበቃው ሥልጠና አንድ ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ ሥራዋን እየሠራች ተምራ ወደ ሙሉ ነርስነት የምታድግበት መንገድ አለ። ከአገራችን የሄዱ ብዙ እኅቶቻችን በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በባዕድ አገር የተቻለው በሰሜን ተራራ ሥር የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሚመጣው ዕረፍት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ተገኝተን ይህን ሒሳብ ለተማሪዎችና ለወላጆች በግልጽ እናስረዳ። ሁለተኛ፣ የወጪ መጋራቱ ሥርዓት ለነርስነት ሠልጣኞችም እንዲዳረስ የሚጠይቅ ማመልከቻ ተዘጋጅቶ ለሚመለከተው ክፍል ይቅረብ። መምህራኖቻችንም በምክርና በፊርማቸው እንዲረዱን በአክብሮት እንለምናለን። እኛ ነገ ስንታመም ሐኪም እስኪመጣ ድረስ አጠገባችን የምትቆመው እርስዋ ናት።